ራስን ስለ መግዛት

ከብቸናና ከሞጣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚሄዱት ልጆቻችን መካከል፥ በቤታቸው ሳሉ ጾመኞችና ትጉሃን የነበሩ አንዳንዶች፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ሌሊቱን በስልክ፥ ቀኑን በእንቅልፍና በጫት ሲያሳልፉ ይገኛሉ። ወላጆችም «ልጄ ተለወጠብኝ» እያሉ ወደ ንስሐ አባት ይመጣሉ። እኔ ግን ልጁ የተለወጠ አይመስለኝም፤ ቀድሞም ይገዛው የነበረው የእናቱ ዓይን እንጂ የራሱ ልቡና አልነበረምና።

ሊቃውንት ሰው ከ4 ባሕርያተ ሥጋና ከ3 ባሕርያተ ነፍስ እንደ ተፈጠረ ያስተምራሉ። ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ናት፤ ሥጋን ታዝዘው ዘንድ ይገባታል። አዛዥነቷ የሚጸናው ግን በልምምድ ነው።

ይህ ልምምድ በብቸና አጠገብ እንዳለው እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባሉት የቅኔ ጉባኤዎች ይታያል። ተማሪው ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። መምህሩ አያየውም፤ ቢተኛም የሚቀሰቅሰው የለም። ነገር ግን ውሎ ሳያድር ወደ ነገራ ይቀርባል፤ ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና እንኳ ሳይሞላ የመጣ እንደ ሆነ በባልንጀሮቹ ፊት ዝም ብሎ ይቆማል። እኔም እንዲሁ ቆሜአለሁ። መምህሬ አልተቈጡኝም፤ «እንግዲያስ ነገ» ብቻ አሉኝ፤ ከአለንጋ ይልቅ ያች ቃል አመመችኝ።

ዩኒቨርሲቲውም እንደ ቅኔ ቤት ነጻነትን ይሰጣል፤ ዋናው ነገራ ግን ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ በፈተና ይመጣል። ልጁ የሚጠፋው በዚህ በመካከሉ ባለው ርዝመት ነው። የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ባንዱራ ራስን መምራት የራስን ሥራ በማስተዋል፥ ከመመዘኛ ጋር በማነጻጸርና ለራስ ምላሽ በመስጠት እንደሚፈጸም አስተምሯል። ከንስሐ በፊት ራስን መመርመርን ለሚያውቅ ካህን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ወጣቱ ነገራውን ወደ ማታ ያቅርበው። ከመተኛቱ በፊት «ዛሬ ምን ላደርግ አስቤ ነበረ? ምንስ አደረግሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። አጀማመሩም በጉባኤ ቃና ይሁን እንጂ በባለ 8 ቤቱ መወድስ አይሁን፤ ይኸውም ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሲያይ የኖረ ሰው አስቀድሞ ለአንድ ሰዓት ብቻ ከመኝታው ያርቀው፤ ይህ ሲጸናለት ይጨምር። ጠጅ የለመደ ነጋዴም፥ ቍጣ የሚያሸንፈን እኛ ካህናትም በዚሁ ሥርዓት እንጀምር።

እኛ «አትጠጣ፥ አትቃም» ማለትን እናበዛለን፤ እንዴት እንደሚተው ያስተማርነው ግን ስንቱን ነው? ልጁ ስንቁን ይዞ ሲነሣ፥ በየሳምንቱ ነገራውን የሚሰማው የንስሐ አባት ወይም ታማኝ ባልንጀራ አብረን እንወስንለት። ሩቅ ነው እንዳንል ስልኩ በእጁ አለ።