የፔንግዊኖቹ ደሴትና የእንግዳ ጫማ

በዛሬው ትምህርታችን ሳውዝ ጆርጂያ ስለምትባል ሩቅ ደሴት እንማራለን። የዓለም ካርታ ካላችሁ ዘርጉ። ጣታችሁን ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ አንሥታችሁ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወደ ምሥራቅ ውሰዱ። እንደ ጠባብ ቅጠል ተጋድማ ታገኟታላችሁ።

ሀ. አቀማመጥዋ

ደሴቲቱ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። ከግማሽ የሚበልጠው መሬትዋ ዓመቱን ሙሉ በበረዶ የተሸፈነ ነው። ከጥቂት ተመራማሪዎችና ሠራተኞች በቀር ሰው አይኖርባትም። አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ጎብኚዎች የሚመጡት በመርከብ ነው። ከፎክላንድ ደሴቶች ተነሥተው ሁለት ቀን ያህል ይጓዛሉ።

ለ. እንስሳትዋ

በአንድ የባሕር ዳርቻ ብቻ ከመቶ ሺህ ጥንድ በላይ ንጉሥ ፔንግዊኖች ይሰበሰባሉ። ፔንግዊን መብረር የማይችል፣ ዋና ግን የሚያውቅ ወፍ ነው። ንጉሥ ፔንግዊን ጎጆ አይሠራም። አንዲት እንቁላል ይጥልና በእግሩ ላይ አድርጎ በሆዱ ቆዳ ይሸፍናታል። እናትና አባት ተራ እየገቡ 54 ቀን ያህል ያቅፏታል። ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ወላጅ ምግብ ፍለጋ ወደ ባሕር ይሄዳል። ሲመለስ በሺህ ከሚቆጠሩት ጫጩቶች መካከል የራሱን የሚለየው በድምፅ ነው። ይጠራል፤ ልጁም ይመልሳል።

አልባትሮስ የሚባለው ትልቅ ወፍም እዚያ ይራባል። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ3 ሜትር ያልፋል።

ሐ. ሰው ያደረሰው ጉዳት

እ.ኤ.አ. በ1775 እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ በደሴቲቱ ላይ ወረደ። ስለ አቆስጣዎቹ ብዛት የጻፈውን የሰሙ አዳኞች ተከታትለው መጡ። አቆስጣ ጠጉራም የባሕር እንስሳ ነው። ለቆዳው ሲባል ሊያልቅ ጥቂት ቀረው። ከ1904 እስከ 1965 ደግሞ 175,000 ያህል ዓሣ ነባሪዎች ታርደው ስባቸው ለዘይት ቀለጠ።

ሌላው ጉዳት ማንም ሳያስበው የመጣ ነው። ከመርከቦቹ ጋር አይጦች ገቡ። በደሴቲቱ ዛፍ ስለሌለ ወፎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት መሬት ላይና ጉድጓድ ውስጥ ነው። አይጦቹም እንቁላሉንና ጫጩቱን ይበሉ ጀመር። በዓለም ላይ እዚያ ብቻ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ አይጥ ከደረሰበት ቦታ ሁሉ ጠፋች።

መ. እንዴት ዳነች?

ከ2011 እስከ 2015 ድረስ በሄሊኮፕተር መርዝ እየተረጨ አይጦቹ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የሠለጠኑ ውሾች የቀረ አይጥ እንዳለ አሰሱ። አንድም ስላልተገኘ በ2018 ደሴቲቱ ከአይጥ ነፃ መሆንዋ ተነገረ። ትንሽዋ ወፍ ተመልሳ ትዘምራለች።

ሠ. የእንግዳው ሥርዓት

ዛሬ ጎብኚ ከመርከብ ከመውረዱ በፊት ጫማውን በብሩሽ ይፈትጋል፤ ጀርም በሚገድል መድኃኒትም ያጥባል። ዘር እንዳይኖርበት ኪሱና ካልሲው ይፈተሻል። በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ አይወርድም። እንስሳትን ከ5 ሜትር ይበልጥ መቅረብ ክልክል ነው። ድንጋይም ላባም አይወሰድም። በ2023 የወፍ ጉንፋን ወደ ደሴቲቱ ስለ ደረሰ ጥንቃቄው ጨምሯል። የብዙ ዓመት ድካም በአንዲት እርጉዝ አይጥ ሊፈርስ ይችላልና።

ተማሪዎች ሆይ! አዳኞቹ ሊጎዱ አስበው መጡ፤ አይጦቹን ያመጡት ግን አላሰቡም። ጉዳቱ ግን ከሁለቱም ደረሰ። በካምፓችንም ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም በጫማና በእጅ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ሰው ቤት ስትገቡ ጫማችሁን አራግፉ፤ ከመጸዳጃ ስትመለሱ እጃችሁን ታጠቡ።

ጥያቄዎች

1. ንጉሥ ፔንግዊን ጫጩቱን እንዴት ይለያል?
2. አይጦቹ ወፎቹን በቀላሉ ያጠቁት ለምንድን ነው?
3. ጎብኚ ጫማውን የሚያጥበው ለምንድን ነው?
4. ሳናስብ ለሌላ ሰው የምናስተላልፈውን ጉዳት ሁለት ምሳሌ ስጡ።

ለወላጆች፦ እባክዎ ማታ ልጅዎ አራተኛውን ጥያቄ በቃል እንዲመልስልዎ ያድርጉ።