ስለ ሰነፍ ዐይን

በፎገራ አገር የዐይን ሕመም ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ትራኮማን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1998 ዓመተ ምሕረት በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የዐይን ጥናት፥ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነው ሕፃናት መካከል ከመቶ 62 የሚያህሉት ትራኮማ ይዟቸው ተገኝተዋል። ስለዚህ የቀላውን፥ የሚያለቅሰውንና ዝንብ የወረረውን ዐይን ማንም ያውቀዋል። ዳሩ ግን ሳይቀላ፥ ሳያብጥና ሳያም፥ ደኅና መስሎ እየታየ ማየት የሚሳነው ዐይን አለ። ይህ ሰነፍ ዐይን ይባላል፤ የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛው ዐይን ላይ ብቻ ነው። በብዙ አገሮች ከመቶ ሕፃናት ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ይህ ጉድለት ይገኝባቸዋል።

ስሙ ያሳስታል እንጂ ልጁም ዐይኑም ሰነፍ አይደሉም። ሕፃን ሲወለድ ዐይኑ ቢከፈትም አጥርቶ ማየትን ገና አልተማረም፤ ዐይን የላከውን ሥዕል ማወቅ አንጎል የሚለምደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በዚያ ጊዜ አንደኛው ዐይን የደበዘዘ ሥዕል ሲልክ፥ አንጎል የጠራውን ተቀብሎ የደበዘዘውን ይተዋል። እየተወው በሄደም መጠን የዚያ ዐይን ኃይል ሳይዳብር ይቀራል። ዴቪድ ሁቤልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉት ሊቃውንት የድመት ግልገሎችን አንድ ዐይን ለወራት ሸፍነው በገለጡት ጊዜ፥ ዐይኑ ራሱ ደኅና ሳለ አንጎል የማይቀበለው ሆኖ አገኙት፤ ባደገች ድመት ላይ ግን ይህ አልሆነም። እነዚህ ሊቃውንት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የሰነፍ ዐይን ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ መንሸዋረር ነው። «ሲያድግ ይተወዋል» እያሉ መጠበቅ ግን ጉዳት አለው፤ ከተወለደ ጥቂት ወራት ያለፈው ሕፃን ዐይኑ ቢንሸዋረር ለሐኪም መታየት ይገባዋል። አንዳንድ ጊዜም የዐይን ሞራ ወይም የወረደ ቆብ ብሌኑን ይጋርደዋል። በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ አንድ ሳምንት እንኳ ማሳለፍ አይገባም፤ ሕይወትን የሚያሰጋ የዐይን ዕጢም ሊሆን ይችላልና። ለመታወቅ እጅግ የሚያስቸግረው ግን አንደኛው ዐይን መነጽር የሚፈልግ፥ ሁለተኛው የማይፈልግ በሆነ ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ የፎገራ ላሞቹን ከሩቅ ለይቶ ይጠራል፤ ሩዝ ሲጠብቅም ወፍ ሲያርፍ ያያል። ይህን ሁሉ በአንድ ዐይኑ እንደሚያደርገው ራሱም አያውቀውምና ከቶ አያመለክትም። ስለዚህ እያንዳንዱን ዐይን ለየብቻ ከመፈተን በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ለፈተናው የፊደል ገበታ አይሆንም፤ ልጁ ሀ ሁ ሂን በቃሉ ስለሚያውቀው ሳያይ ያነበንበዋልና። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም መንሽ የሚመስል፥ ሦስት እኩል ጣቶች ያሉት ምልክት ይሣል። ቁመቱም ወርዱም 17 ሚሊ ሜትር ተኩል፥ የጣቶቹና የክፍተቶቹ ውፍረት እያንዳንዱ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሁን። ልጁ በደማቅ ብርሃን 6 ሜትር፥ ማለት 12 ክንድ ያህል ርቆ ይቁም። አስተማሪው ወረቀቱን ወደ ላይ፥ ወደ ታች፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞረ ጣቶቹ ወዴት እንደሚያመለክቱ ልጁ በእጁ እንዲያሳይ ያዘዋል። ፊደል ያልቆጠረ የ5 ዓመት ልጅም ይህን ይችላል፤ ስለዚህ ሽማግሌዎች ትምህርት ቤት ያልገቡትንም ልጆች በየመንደራቸው ሊፈትኑ ይችላሉ።

ዐይን የሚከደነው በመዳፍ ነው፤ በጣት ከሆነ ልጁ በመካከል ያጮልቃል፤ ዐይኑን መጫንም አይገባም፤ የተጫነ ዐይን ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዛልና። አንደኛው ሲከደን ዝም ብሎ የቆመ ልጅ፥ ሁለተኛው ሲከደን አንገቱን ቢያዞር፥ እጁን ቢገፋ ወይም ቢያለቅስ፥ ይህ ራሱ ምልክት ነው፤ እንቢተኛ ነው ተብሎ መቈጣት አይገባም። በአንድ ዐይኑ ደጋግሞ ያወቀ፥ በሌላው ግን የሚስት ልጅ በሌላ ቀን እንደ ገና ይፈተን፤ ያው ከሆነ ወደ ሐኪም ይላክ። ሰነፍ ዐይን መሆኑን አረጋግጦ የሚናገረው አስተማሪው ሳይሆን ዐይኑን በመሣሪያ የመረመረው ባለሙያ ነው። ከወረታ ወደ ደቡብ ባሕር ዳር፥ ወደ ሰሜን ጎንደር የዐይን ሕክምና ይገኛል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ መንገድ ስለሚያስቸግር፥ ፈተናው በጥቅምት ቢደረግ ይመረጣል።

የሚያስቸኩለው የዕድሜው ነገር ነው። ሕክምናው ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር እጅግ ይረዳል፤ አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ግን በዚያ ድንበር ላይ ቆሟል። ዳሩ ግን ዘግይቷል ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ በ1997 ዓመተ ምሕረት በታተመ የአሜሪካ ጥናት፥ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉት ታካሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተሻሽለዋል።

ሐኪሙ እንደ ምክንያቱ መነጽር ያዛል፤ ሞራ ካለ ያወጣል፤ ከዚያም ደኅናውን ዐይን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት እንዲሸፍኑት ያዛል፤ የደከመው እንዲሠራ ማለት ነው። ወላጆች «የሚያየውን ዐይን ሊያጠፉብን ነው» ብለው ሽፋኑን የሚጥሉት ምክንያቱ ስላልተነገራቸው ነው፤ ይህን ማስረዳት የአስተማሪውና የሽማግሌዎቹ ሥራ ነው። በሌላ በኩል ሐኪም ሳያዝ በገዛ እጅ መሸፈን ደኅናውን ዐይን ሊጎዳ ይችላል። ሽፋን ያደረገው ልጅ በደከመው ዐይኑ ስለሚያይ ከሰሌዳው አጠገብ ይቀመጥ፤ ባልንጀሮቹም እንዳይዘብቱበት አስተማሪው አስቀድሞ ይንገራቸው። ዐይኑ ከተሻለ በኋላም ተመልሶ ሊደክም ስለሚችል፥ በየመንፈቁ በዚያው መንሽ መሰል ምልክት ይፈተን።