ለጓሮ አትክልት አፈር የተፈጥሮ ማዳበሪያ፤ በሐርጌሳ የሚስማማውና የማይስማማው

መሬት ሲያረጅ መጭ ያበቅላል ይባላል። ምግቡን የጨረሰ አፈር ለደከመበት ባለቤት የሚመልስለት አረም ብቻ መሆኑን አባቶች በዚህ አነጋገር አስረድተዋል። አፈር እንደ ከብት መመገብ እንዳለበት ገበሬው ሁሉ ያውቀዋልና፣ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በአንደኛው አገር ለአፈር መድኃኒት የሆነው በሌላው አገር መርዝ ሊሆን መቻሉ ነው። ለዚህም የሐርጌሳ ከተማ የጓሮ አትክልት መልካም ምሳሌ ስለሚሆን፣ በዚህ ጽሑፍ እርሱን እንመለከታለን።

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 400 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከሚያዝያ ጀምሮ በሚጥለውና ሶማሌዎች «ጉ» በሚሉት ዝናብ፣ እንዲሁም በክረምቱ ወራት በሚከተለው ዝናብ የተከፈለ ነው። በከተማይቱ መካከል የሚያልፈው ማሮዲ ጄህ የተባለው ወንዝ ዝናብ ሲጥል ይሞላል፤ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ አሸዋ ብቻ ይሆናል። ከከተማው በስተሰሜን ከገድ ዴብሌ ጉድጓዶች በቧንቧ የሚመጣው ውሃ ለሁሉ ስለማይዳረስ ብዙ ቤተሰብ ውሃ በገንዘብ ይገዛል። እንግዲህ በጓሮው ቲማቲም ወይም ሰላጣ ለመትከል ያሰበ ሰው፣ ውሃው በከንቱ ሳይሰርግና ሳይተን በሥሩ አካባቢ እንዲቆይለት ማድረግ የመጀመሪያ ግዴታው ነው። ይህም የሚገኘው አፈርን በማዳበር ነው።

ስለ አመድና ስለ ኖራ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ፣ በተለይም በጎጃምና በወለጋ፣ ብዙ ዝናብ ለረጅም ዘመን በመሬቱ ላይ ሲወርድ ካልሲየምንና የመሳሰሉትን ንጥረ ነገሮች እያጠበ ስለወሰደ አፈሩ ኮምጣጣ ሆኗል። ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ውስጥ ከ40 በመቶ የሚበልጠው ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል። ስለዚህ በዚያ አገር ኖራ መጨመር አፈሩን ይፈውሰዋል። የምድጃ አመድም የኖራን ሥራ ስለሚሠራ፣ የደጋ እመቤት አመዷን ከቤት ጠርጋ በጓሮ ስትደፋ ሳታውቀው አፈሯን ታክማለች። የጓሮ ጎመንና የጓሮ ድንች ከእርሻው ይልቅ የሚያምርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሐርጌሳ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዝናቡ ጥቂት፣ ፀሐዩ ብርቱ በመሆኑ ኖራው ሳይታጠብ በአፈሩ ውስጥ ቀርቷል። የአፈርን ኮምጣጣነት የሚለካው ፒኤች የተባለው መለኪያ 7 ሲሆን አፈሩ መካከለኛ ነው ይባላል፤ ከ7 በታች ኮምጣጣ፣ ከ7 በላይ ደግሞ ኖራማ ነው። በሐርጌሳና በአካባቢዋ አብዛኛው አፈር ከ7 በላይ ይገኛል። ኖራ በበዛበት አፈር ውስጥ ብረት፣ ዚንክና ፎስፈረስ ምንም እንኳ ቢኖሩ ተቆልፈው ስለሚቀመጡ ተክሉ ሊወስዳቸው አይችልም። ምልክቱም በሎሚና በብርቱካን ላይ በግልጽ ይታያል፤ የአዲሱ ቅጠል ሥር አረንጓዴ እንደሆነ ይቀርና በሥሮቹ መካከል ያለው ሥጋ ብጫ ይሆናል። እንዲህ ባለው አፈር ላይ አመድ መጨመር በቁልፉ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ መጨመር ነው። ከደጋ አገር መጥተው በሐርጌሳ የሚኖሩ ሰዎች የእናታቸውን ቤት ልማድ ሳይመረምሩ ከተከተሉ፣ አፈሩን እንጠቅማለን ሲሉ ይጎዱታል።

ስለ አጥንትና ስለ እንቁላል ቅርፊትም የምንለው ይህንኑ ነው። የተፈጨ አጥንት ፎስፈረሱን የሚለቀው በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ሲሆን፣ በኖራማ አፈር ውስጥ ግን ለብዙ ዓመት እንዳለ ይቀመጣል። የእንቁላል ቅርፊትም ራሱ ኖራ ስለሆነ፣ ኖራ ለሞላበት መሬት ስጦታ አይሆነውም።

አፈርን በቤት ስለ መመርመር

ማንኛውም ባለጓሮ ገንዘብ ሳያወጣ ሦስት ምርመራዎችን ማድረግ ይችላል።

1ኛ/ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ከተወሰደ ደረቅ አፈር ላይ ጥቂት አቼቶ ማንጠብጠብ ነው። አፈሩ አረፋ እያወጣ ከጮኸ ኖራ አለበት ማለት ስለሆነ፣ አመድም ኖራም አያስፈልገውም።

2ኛ/ የመስታወት ብርሌ ወይም ጠርሙስ እስከ ሲሶው አፈር ጨምሮ፣ ውሃ ሞልቶና በብርቱ ነቅንቆ ማስቀመጥ ነው። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ያህል ከሥር ይዘቅጣል፤ ደለሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከላዩ ይተኛል፤ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይቆያል። የአሸዋው ንብርብር ከሌሎቹ በእጅጉ ከወፈረ፣ ያ አፈር ውሃም ምግብም አይዝም።

3ኛ/ ውሃ ከጠጣ በኋላ ሲደርቅ በላዩ ነጭ ቅርፊት የሚታይበት መሬት ጨው እየበዛበት መሆኑን ማወቅ ነው። እንዲህ ባለው መደብ ላይ ጥሬ ፍግ መጨመር ጨውን በጨው ላይ መከመር ይሆናል።

በሐርጌሳ የሚስማማው ማዳበሪያ

ለአሸዋማውም ለኖራማውም አፈር አንድ የጋራ መድኃኒት አለ፤ እርሱም በሚገባ የበሰበሰ የፍግና የቅጠላ ቅጠል ብስባሽ ነው። ብስባሽ በአሸዋው መካከል እንደ ሰፍነግ ሆኖ ውሃን ይይዛል፤ ሲበሰብስም የሚያወጣቸው ነገሮች የተቆለፈውን ብረትና ፎስፈረስ በጥቂት በጥቂቱ ለተክሉ ሥር ያቀርባሉ። ለዚህ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ደግሞ በሐርጌሳ በብዛት ይገኛል።

ሶማሌላንድ ኑሮዋ በከብት ላይ የቆመ፣ በበርበራ ወደብም በኩል በግና ፍየል፣ ግመልና የቀንድ ከብት ወደ ዓረብ አገር የምትልክ በመሆኗ፣ በሐርጌሳ የከብት ገበያና በየበረቱ የሚጠራቀመው በጠጥና እበት ብዙ ነው። ከቄራ የሚወጣው ፈርስም ግማሽ መንገድ የበሰበሰ ሣር ስለሆነ ብስባሹን ያፋጥናል። ከኢትዮጵያ በኩል የሚገባው ጫት ከተቃመ በኋላ የሚጣለው ገራባ በየመንገዱ ይታያል፤ ይህም ግንዱ ተከትክቶ ከፍግ ጋር ቢደባለቅ ጥሩ ብስባሽ ይሆናል። ሆኖም በጫት ላይ የተባይ መርዝ የሚረጭበት ጊዜ ስላለ፣ የገራባው ብስባሽ ለሰላጣና ለመሳሰለው ጥሬው ለሚበላ ቅጠል ከመሆን ይልቅ ለጥላና ለአበባ ዛፍ ቢውል ይመረጣል። ከገቢሌ በኩል የሚመጣው የማሽላና የበቆሎ አገዳ፣ የወጥ ቤት ልጣጭና የሻይ ቅጠልም በብስባሹ ውስጥ ቦታ አላቸው።

ጥሬ በጠጥን በቀጥታ ወደ መደቡ መጨመር ግን በሦስት ምክንያት አይገባም። አንደኛ፣ በውስጡ ያለው ሽንትና ጨው ችግኙን ያቃጥላል። ሁለተኛ፣ በኖራማ አፈር ላይ ተበትኖ ፀሐይ ሲመታው ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይጠፋል። ሦስተኛ፣ የአረም ዘርና የበሽታ ሕዋስ በውስጡ ሳይሞት ስለሚቀር፣ በጥሬው በሚበላ አትክልት አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል።

የብስባሽ አዘገጃጀት

በዝናባማ አገር ብስባሽ በክምር ይሠራል። በደረቅ አገር ግን ክምሩ ቶሎ ስለሚደርቅ በጉድጓድ ማድረግ ይሻላል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

በጥላ ሥር ጎን ለጎን ሁለት ጉድጓዶች ይቆፈሩ፤ የእያንዳንዱ ወርድ፣ ርዝመትና ጥልቀት አንድ አንድ ሜትር ይሁን። በአንደኛው ጉድጓድ ከሥር የተከተከተ አገዳ አንድ ስንዝር ያህል ይነጠፍ። በላዩ አረንጓዴ ቅጠልና የወጥ ቤት ትራፊ የስንዝር ግማሽ፣ ከዚያም በጠጥ ወይም እበት አራት ጣት ያህል፣ በመጨረሻም ጥቂት የላይ አፈር ይደረግ። ሥጋ፣ ቅባትና ፕላስቲክ አይግባበት። እያንዳንዱ ንብርብር ውሃ ይርከፈከፍበት፤ ለዚህም ዕቃና ልብስ የታጠበበት የሳሙና ውሃ ጨው ስላለው አይሁን። ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ በዚሁ ሥርዓት ይቀጥልና አፉ በአሮጌ ጆንያና በአፈር ይሸፈን። በመካከሉ ረጅም በትር ይተከል።

በሳምንቱ በትሩ ተነቅሎ በእጅ ይዳሰስ። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው በደኅና እየሄደ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ደግሞ ውሃ በዝቶበታልና ደረቅ አገዳ ይጨመርበት። የእርጥበቱ ልክ፣ በእጅ ሲጨመቅ ተጠምቆ እንደተሰጣ ጨርቅ የሚረጥብና የማይንጠባጠብ ነው። በመካከሉ ያለው ሙቀት 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሲደርስ የአረም ዘርና የበሽታ ሕዋስ ይሞታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብስባሹ ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ይገልበጥ፤ ዳር የነበረውም ወደ መካከል ይግባ። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮና የጫካ አፈር ሽታ ይዞ ይወጣል። በታኅሣሥ የተጀመረ ብስባሽ ለሚያዝያ ዝናብ ይደርሳል።

አጠቃቀሙ

ብስባሹ በመደቡ ላይ ሁለት ጣት ያህል ወፍሮ ይበተንና በዶማ አንድ ስንዝር ወደታች ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ። ይህም በየተከላው ወቅት ይደገም፤ በሞቃት አገር ብስባሽ ቶሎ ስለሚያልቅ አንድ ጊዜ ጨምሮ መተው አይበቃም። ችግኙ ከተተከለ በኋላ በዙሪያው ደረቅ ሣር ወይም አገዳ ተጎዝጉዞ አፈሩ ከፀሐይ ይጋረድ። የመደቡ ዳር በትንሽ ዕርከን ከፍ ቢል የዝናቡ ውሃ ሳይፈስ ቆሞ ስለሚሰርግ፣ የተጠራቀመውን ጨው ከሥሩ በታች ያጥበዋል።

መሬቱ ሲደርቅ እንደ ሸክላ የሚጠነክር፣ ውሃም በላዩ ተኝቶ የማይሰርግ ከሆነ፣ ሶዲየም የተባለው ንጥረ ነገር በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚረዳው የተፈጥሮ ድንጋይ ጀሶ ነው፤ በበርበራ አካባቢም የታወቀ የጀሶ ክምችት አለ። ጀሶ ከኖራ የተለየ በመሆኑ የአፈሩን ኖራማነት አያብስም። ነገር ግን አፈሩ በላቦራቶሪ ሳይመረመር፣ ሶዲየሙንም የሚያጥብ ውሃ ሳይዘጋጅ መጨመሩ ድካም ብቻ ነው።

ለሹማምንትና ለከተማው ነዋሪ

የብስባሽ ሥራ ከአንድ ጓሮ አልፎ የሕዝብ ሥራ ሊሆን እንደሚችል የትግራይ ገበሬዎች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ የመሩት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ የግብርና ቢሮ ጋር በመሆን፣ ዝናቡ አጭርና እምነት የማይጣልበት በሆነባቸው መንደሮች የብስባሽ ትምህርት ጀመረ። በብስባሽ የለማው ማሳ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር የሚወዳደር፣ አልፎም የሚበልጥ ምርት እንደሰጠ ታየ። የብስባሹ ጥቅም በሚቀጥለውም ዓመት በማሳው ላይ ስለሚታይ፣ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳው ቀነሰለት። ሥራውም ከመንደር ወደ መንደር ሊስፋፋ ቻለ።

በሐርጌሳም ጥሬ ዕቃው ሳይጎድል የጎደለው መለየቱ ነው። የገበያው ትራፊ፣ ገራባውና ፍጉ ከፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ ሲጣል ከተማውን ያቆሽሻል፤ በዝናብ ጊዜም ተጠርጎ ወደ ማሮዲ ጄህ ይገባል። ማዘጋጃ ቤቱ በከብት ገበያውና በአትክልት ገበያው ለሚበሰብሰው ነገር የተለየ ቦታ ቢወስን፣ የግብርና ሹማምንትም አፈር መርምረው ለባለጓሮው ውጤቱን ቢነግሩ፣ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል። ዛሬ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ አብዛኛው ከሩቅ በመኪና ተጭኖ ስለሚመጣ፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም ነዳጅ ሲወደድ የድኻው ወጥ ይቀንሳል። ሦስትና አራት መደብ ያለው ቤተሰብ ግን ከዚህ ችግር በከፊል ይድናል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ባለጓሮ አስቀድሞ አፈሩን በአቼቶ ይመርምር። አፈሩ አረፋ ካወጣ አመዱን ከመደቡ ያርቅ፣ ጉድጓዱንም በታኅሣሥ ይቆፍር። በሚያዝያ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥልም ብስባሹን ከመደቡ ጋር ደባልቆ ችግኙን ይትከል።