ስትሮክ ለያዘው ሰው በጉሮሮ በኩል ስለሚደረግ የልብ ምርመራ

ብዙዎቻችሁ አልትራሳውንድን የምታውቁት በእርግዝና ክትትል ነው። ልብም በአልትራሳውንድ ይታያል። ስትሮክ ከሚያስከትሉ ነገሮች አንዱ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ የአንጎልን የደም ሥር መዝጋቱ ነው። ይህ በተለይ በሩማቲክ በሽታ የልብ በራቸው የጠበበ ሰዎችን ያጠቃል።

የልብ አልትራሳውንድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ደረት ላይ ቅባት ተቀብቶ ከውጭ የሚደረግ ሲሆን ለጉዳት አያጋልጥም። በሌላው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧ ይገባል። ቧንቧው ከልብ በስተጀርባ ስለሚያልፍ ከውጭ ያልታየው የረጋ ደም በዚህ መንገድ ሊታይ ይችላል።

በቱቦው ምርመራ ከባድ ጉዳት የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ የአውሮፓ ጥናት፣ ከ10,000 በላይ ምርመራዎች ተደርገው የሞተው 1 ሰው ነበር። ሊደርሱ የሚችሉት ጉዳቶች፦

1. የምግብ ቧንቧ መቁሰል፣ መድማት ወይም መበሳት፤
2. ትንታ። ስትሮክ መዋጥን ስለሚያዳክም ምራቅ ወይም ትውከት ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል፤
3. አንዳንድ የጉሮሮ ማደንዘዣ ደም ኦክስጅን እንዳያደርስ ያደርጋል፤ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራሉ።

ከምርመራው በፊት

ስትሮክ የያዘው ሰው መናገር ሊያቅተው ስለሚችል የአስታማሚው ቃል ወሳኝ ነው። ሲውጥ የሚያንቀው፣ ደም አስመልሶ የሚያውቅ፣ የምግብ ቧንቧ በሽታ ወይም ቀዶ ሕክምና የነበረው፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም መድኃኒት የማይስማማው ከሆነ ሳትጠየቁ ለሐኪሙ ንገሩ። ቢያንስ ለ6 ሰዓት ምግብ አይብላ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው ይውለቅ።

ከምርመራው በኋላ

የጉሮሮው መደንዘዝ ሳይለቅ ውሃም ሆነ አጥሚት አትስጡ፤ ነርሷ ስትፈቅድ በጥቂት በጥቂቱ ይጀመራል። ጉሮሮ ትንሽ ቢከረክር አያሳስብም። ነገር ግን ኃይለኛ የአንገት ወይም የደረት ሕመም፣ የአንገት እብጠት፣ ትኩሳት፣ ደም ማስመለስ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የከንፈር መጥቆር ከታየ፣ ቤት ከገባችሁም በኋላ ቢሆን፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል መልሷቸው።

እናቶች፣ ስትሮክ ይዟት የሚያውቅ ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ክኒን መውሰድ የለባትም። ሉፕን የመሳሰሉ ሌሎች ዘዴዎች ስላሉ፣ ወደ ክሊኒክ ስትመጡ ሕመማችሁን አስቀድማችሁ ንገሩን።