ሰርቨር ላይ የሚደረገውን የአካውንት ለውጥ እንዴት እንከታተል?

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይባላል። የሰርቨር ጥበቃም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ለውጡ የሚደረገው ዛሬ፣ የሚታወቀው ከወር በኋላ። ውሻው በጊዜው እንዲጮህ ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ በዚህ አጭር ትምህርት አብረን እናያለን። ለምሳሌነት የመረጥነው ዊንዶውስ ሰርቨርንና አክቲቭ ዳይሬክተሪ የተባለውን የአካውንቶች መዝገብ ነው።

1. የኮምፒዩተር አካውንት ምንድነው?

አካውንት ሲባል ብዙዎቻችን የሰው ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ዶሜይን በተባለው መረብ ውስጥ የገባ እያንዳንዱ ኮምፒዩተርም የራሱ አካውንትና የይለፍ ቃል አለው። መለያው በስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው የዶላር ምልክት ናት። በእኛ ሙያ ብንመስለው፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪ የስም መጥሪያ ደብተር ነው፤ ደብተሩን የሚይዘው ሰርቨር ደግሞ ዶሜይን ኮንትሮለር ይባላል። ደብተሩ ላይ ማን እንደጻፈና ማን እንደሰረዘ ካልታወቀ እንግዳው ከተማሪው ጋር ተቀምጦ ይውላል፤ የተማሪዎች ውጤት ያለበት ፋይል ድረስም መዝለቅ ይችላል።

2. ሰርቨሩ ምን ይመዘግባል?

ኦዲት የተባለው ቁጥጥር ሲበራ ሰርቨሩ የሚከተሉትን በቁጥር ይመዘግባል፦

ሀ/ 4741፦ አዲስ የኮምፒዩተር አካውንት ሲፈጠር፤
ለ/ 4742፦ ነባሩ ሲለወጥ፤
ሐ/ 4743፦ ሲሰረዝ።

4741ን ቀላል አድርገን እንዳናየው። አስተዳዳሪው ካልከለከለ በቀር ተራ ተጠቃሚ እንኳ እስከ 10 ኮምፒዩተር ድረስ ወደ ዶሜይኑ ማስገባት ይችላል። ጠንቃቃ አስተዳዳሪ ይህን ቁጥር ወደ 0 ያወርደዋል።

3. ማስጠንቀቂያው እንዴት ይላካል?

ታስክ ስኬጁለር የተባለው ፕሮግራም ከመዝገቡ ቁጥር ጋር ይታሰራል። ቁጥሩ ሲመዘገብ በፓወርሼል የተጻፈች ትንሽ ፕሮግራም ትነሳና ኢሜይል ትልካለች። ኢሜይሉ አራት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ ማን ለወጠ? የማንን አካውንት? ምኑን? መቼ? ዶሜይን ኮንትሮለሮቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ሥራው በሁሉም ላይ መዘጋጀት አለበት፤ ምክንያቱም ድርጊቱን የሚመዘግበው ለውጡ የተደረገበት ሰርቨር ነው።

4. ሁሉንም መላክ ለምን ይጎዳል?

ኮምፒዩተሮች በተለመደው አሠራር በየ30 ቀኑ የይለፍ ቃላቸውን ራሳቸው ይቀይራሉ፤ ይሄም 4742 ሆኖ ይመዘገባል። 300 ኮምፒዩተር ካለ በቀን በአማካይ 10 ኢሜይል ይመጣል ማለት ነው፤ ያውም ሁሉም ጤነኛ ለውጥ። ውሎ አድሮ አስተዳዳሪው ሳያነብ መደምሰስ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ የሚጮህን ውሻ ማን ይሰማዋል?

ታዲያ መፍትሔው መለየት ነው። በ4742 መዝገብ ውስጥ ያልተለወጠው ነገር በሰረዝ ይታያል። የተለወጠው የይለፍ ቃሉ ቀን ብቻ ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ ተጠቃሎ ይላክ። ስም ወይም የውክልና መብት ከተነካ ግን ወዲያውኑ ይላክ። 4741ና 4743ም እንዲሁ።

የዶሜይን ኮንትሮለሩ የራሱ አካውንት ደግሞ ለብቻው ይታይ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2020) ማይክሮሶፍት ማስተካከያ ያወጣለት ዜሮሎጎን የተባለው ጉድለት አጥቂው የዚህን አካውንት የይለፍ ቃል ባዶ እንዲያደርግ ያስችለው ነበር። የአደጋው ደረጃ ከ10፣ 10 ተሰጥቶታል። ስለዚህ የዚህ አካውንት የይለፍ ቃል ከ30 ቀኑ ልማድ ውጭ ተቀይሮ ከተገኘ ነገ ይታያል አይባልም።

5. ዝምታ ሰላም ነው ወይ?

አይደለም። አጥቂ ሰርቨሩን ከያዘ ማስጠንቀቂያውንም ሊያጠፋው ይችላል። በመሆኑም የመዝገቡ ግልባጭ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ይተላለፍ፤ ምንም ባይኖርም “አለሁ” የሚል ኢሜይል በየቀኑ ይምጣ። ያ ኢሜይል የቀረ ቀን ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። አልፎ አልፎም የሙከራ አካውንት ፈጥሮ መልእክቱ መድረሱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

በአጠቃላይ፣ ስም መጥሪያ ደብተር የሚጠቅመው ስሙ ሲጠራ “ይሄ ማነው?” ብሎ የሚጠይቅ መምህር ሲኖር ነው። ኢሜይሉም ከተላከ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. 4742 ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ለምንድነው?
2. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 4741 ቢመጣ በመጀመሪያ ማንን እንጠይቃለን? ለምን?