ሀለኮውን ከድስት ብዪው

ቆይ፣ ያንን ውሃ አትድፊው! መረረኝ ብለሽ ነው? በዚያው ውሃ ይብሰል፣ የዱቄት ድቡልቡሉ ኩርኩፋም እዚያው ይግባ። የቅጠሉ ሩቲን ሲፈላ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ስትደፊው አብሮ ይሄዳል። አዲስ አበባ ያሉት ሽፈራው እያሉ የታሸገ ዱቄቱን ይገዛሉ፤ እኛ አርባ ምንጭ ያለነው ሲቀላም ሴቻም ከጓሯችን እንቀጥፋለን።

ሩቲን ፍላቮኖይድ ከሚባሉት የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ቅርብ ዘመዱ ኬርሴቲን በቀይ ሽንኩርትም፣ እማዬ በምትልክልን የጨንቻ ፖምም አለ። ትናንት ፖሙን ልጠሽ ስትበዪ ዝም ያልኩሽ እንግዳ ስለነበረ ነው፤ ኬርሴቲኑ ያለው በብዛት ልጣጩ ላይ ነው።

ግን የሀለኮ ዱቄት ሻጮቹን ወሬ አትስሚ፤ እነሱ ጋ የማያድነው በሽታ የለም። ሩቲን ከስኳር ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ ትንሹ አንጀት እምብዛም አይቀበለውም። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይቆርጡለታል፤ ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል፣ ጉበት መልኩን ይለውጠዋል፣ ከዚያ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ሕዋስ ላይ አፍስሰው ያዩት ሁሉ አንቺ ሰውነት ውስጥ አይደገምም። ደም ያጠራል የሚሉትንም ተዪው፤ ደም ውስጥ የሚደርሰው ለዚያ ያንሳል። ብዙ ተመራማሪዎች ዛሬ የሚሉት ሌላ ነው፦ ሕዋሱን ነካ አድርጎ የራሱን መከላከያ ኢንዛይሞች እንዲያመርት ይቀሰቅሰዋል። በ1936 እ.ኤ.አ. ሴንት-ጂዮርጂ የተባለ የሃንጋሪ ሳይንቲስት ፍላቮኖይዶችን «ቫይታሚን ፒ» ብሎ ሾሟቸው ነበር፤ በመጉደላቸው የሚመጣ በሽታ ስላልተገኘ ሹመቱ ተነሣ።

አሁን ሆድሽ እየገፋ ነውና ይሄን ያዢልኝ። ሻይም ሆነ ቡና፣ ያ የምትወጂው የቡና ቅጠልም፣ ከምግብ ጋር አይሁን። እነዚሁ የሚመሰገኑት ፍላቮኖይዶችና ዘመዶቻቸው ከሀለኮውና ከባቄላው የምታገኚውን ብረት አንጀትሽ ውስጥ ይይዙብሻል። አንድ ሰዓት ያህል አቆይተሽ ጠጪ። ከጤና ጣቢያ የሰጡሽን የብረት ክኒንም በውሃ እንጂ በሻይ አትዋጪ። የሀለኮ ሥር ቀቅዬልሻለሁ የሚልሽ ካለ ደግሞ፣ አክስታችንም ብትሆን፣ እንዳትቀምሺው።

የእማዬ ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ። ጨንቻ ድረስ ዱቄቱን እያስላከች የግፊት ክኒኗን ማቋረጧን ሰማሁ። ቅጠሉ ስኳርና ግፊት ሲቀንስ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ታይቷል፤ ውሸት አይደለም። የእሷ ክኒን ግን በሰው ተፈትኖ፣ መጠኑ ታውቆ የተሰጣት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብትወስድም ግፊቷ ከልክ በላይ ሊወርድ ስለሚችል ሐኪሟ ማወቅ አለበት። በወጥ ትብላው፣ ማን ከለከላት? እኔ ስነግራት «ተማርኩ ብለሽ» ትለኛለች፤ አንቺን ትሰማሻለች። ዛሬውኑ ደውዪላትና ክኒኗን እንድትጀምር፣ ሐኪሟ ጋም እንድትሄድ ንገሪልኝ።