ከሊማሊሞ ግርጌ፦ ዛሪማ እንዴት ትኖራለች?

ስለ ራስ ደጀን፣ ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ ያልሰማ ተማሪ አላጋጠመኝም። ከእነዚያ ተራሮች ሥር ስለሚኖረው ሰው ግን በትምህርት ቤት መጽሐፎቻችን ውስጥ ግማሽ ገጽ ማግኘት ይቸግራል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ስለዚህ ዛሬ የምናጠናው ጫፉን ሳይሆን ግርጌውን ነው።

ዛሪማ በሰሜን ጎንደር ዞን፣ ከጎንደር በደባርቅና በአዲአርቃይ አድርጎ ወደ ሽሬ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ከደባርቅ ወደ ቆላ የሚወርደው የሊማሊሞ ቁልቁለት አልቆ መሬቱ ረገብ ሲል የምትገኘው እሷ ናት። በአውቶቡስ ለሚያልፍ ሰው ጥቂት ቆርቆሮ ቤት፣ ጥቂት ሻይ ቤት፣ ፍየልና ሙቀት ናት። ወርዶ ለሚያያት ግን ደጋና ቆላ የሚገናኙባት በር ናት፤ ሕይወቷም ከበላይዋ ካለው ገደል፣ ከበታቿ ካለው ወንዝና በመካከሏ ከሚያልፈው መንገድ የተሠራ ነው። ሦስቱንና በእነሱ ላይ የቆመውን ኑሮ በየተራ እንያቸው።

ከፍታ ምን ይሠራል?

ደብተራችሁ ላይ አንድ ቋሚ መስመር አስምሩ። ከላይ ደባርቅ ብላችሁ ጻፉ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል። ከታች ዛሪማ ብላችሁ ጻፉ፤ ከ1,500 ሜትር በታች። አየር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። አሁን ልዩነቱን አስሉት። ቢያንስ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረው መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ገበሬው ይህን ያለ ቴርሞሜትር ለይቶ ስም አውጥቶለታል። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ውርጭ ነው፤ ከ2,300 እስከ 3,200 ደጋ፤ ከ1,500 እስከ 2,300 ወይና ደጋ፤ ከ500 እስከ 1,500 ቆላ፤ ከዚያ በታች በረሃ። በብዙ አገር ከአንዱ የአየር ንብረት ወደ ሌላው ለመሻገር ረጅም ርቀት መጓዝ ያስፈልጋል። እዚህ ግን ጠዋት የገብስ ማሳ አጠገብ የተነሳ እግረኛ ማታ የማሽላ ማሳ አጠገብ ያድራል።

በደጋውና በቆላው መካከል የቆመው የገደል ግድግዳ ራሱ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ላቫ በላቫ ላይ እየፈሰሰ ተደራረበ፤ ከዚያ በኋላ ዝናብና ወንዝ እየሸረሸሩ ገደል አደረጉት። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የዚሁ ገደል አናት ነው። ጎብኚው በፓርኩ ውስጥ፣ ሳንቃበር ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። የቆላው ሰው ደግሞ ከእርሻው ቀና ብሎ ያንኑ ገደል ሽቅብ ያየዋል፤ ደመና ሲያንዣብብበትም ዝናቡ ምን ያህል እንደቀረበ ይገምታል።

መንገዱ

ፋሲለደስ በ1636 (እ.ኤ.አ.) ጎንደርን መቀመጫው ካደረገ ወዲህ ከምጽዋ ተነስቶ በአድዋ የሚመጣው የነጋዴ መንገድ ሊማሊሞን መውጣት ግድ ሆነበት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በየካቲት 1770 (እ.ኤ.አ.) ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነው። ከአቀበት በፊት ያለ ቦታ ሁልጊዜ ማረፊያ ይሆናል። በቅሎው ውኃ መጠጣት፣ ጭነቱ መስተካከል፣ ሰውም ጉልበቱን ማሳረፍ አለበት። እንዲህ ያሉ ሰፈሮች ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተቆረቆሩ ስትጠየቁ መጀመሪያ አቀበቱን ፈልጉ።

የመኪናውን መንገድ ገደሉን እየፈለፈሉ በጥምዝምዝ ያወረዱት ጣሊያኖች ናቸው፤ በወረራው ዘመን፣ ወታደርና ስንቅ ለማመላለስ። በመንገዱ አናት፣ ወልቀፊት ላይ መሽገውም ነበር። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበቧቸው፤ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሦስት ሺህ ገደማ የሚሆነው የወልቀፊት ጦር እጁን ሰጠ። ሁለት ወር ቆይቶ፣ ኅዳር 18፣ ጎንደርም ወደቀች። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻው ምሽግ ጎንደር መሆኑን ሁሉም ይናገራል፤ የጎንደር ሰሜናዊ በር ሊማሊሞ መሆኑን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው።

ዛሬም ቁልቁለቱ ለሹፌር ፈተና ነው። የጭነት መኪና ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ እየተጎተተ ይወርዳል፤ ክረምት ሲሆን ናዳ መንገዱን ይዘጋል። መንገድ በተዘጋ ቀን ዛሪማ ውስጥ የሚያድረው ሰው ይበዛል፤ ከላይ የሚመጣው ሸቀጥ ደግሞ ይጠፋል። የመንደሯ ዕለታዊ ገቢና ዋጋ ከዚያ ጥምዝምዝ ጋር የተሳሰረ ነው።

የማሽላ ዓመት

ረዘም አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው ይህን ነው፤ ቆላን የሚያኖረው ማሽላ ነውና።

ዝናቡ ሲጀምር መሬቱ ይገመስና ይዘራል። ቡቃያው ጉልበት ላይ ሲደርስ ገበሬው ጥማዱን መልሶ በማሳው ውስጥ ያስገባል። ሽልሻሎ ይባላል። ላላየው ሰው ሰብል የሚያጠፋ ይመስላል፤ በሬዎቹ በቡቃያው መካከል እየተራመዱ ያርሳሉና። ዓላማው ግን ሌላ ነው። የበዛው ቡቃያ ይሳሳል፣ አረሙ ይገለበጣል፣ መሬቱ ተከፍቶ ዝናቡን ይጠጣል። ዝናብ አጭር በሆነበት ቆላ ከዚህ የተሻለ ውኃ የመቆጠቢያ ዘዴ አርሶ አደሩ እጅ የለም ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ አረም ይከተላል። ከአረሞች ሁሉ የከፋው አቀንጭራ ነው። አበባው ሐምራዊ፣ ለዓይን የሚያምር ትንሽ ተክል ነው፤ ሥሩን ግን ከማሽላው ሥር ጋር አያይዞ ምግቡንና ውኃውን ይመጠምጠዋል። አንድ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ዘሩም እንደ አቧራ የደቀቀ ሆኖ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይበላሽ ይቆያል። ስለዚህ አበባ ከማውጣቱ በፊት መነቀል አለበት። ያን ጊዜ ያላረመ ሰው ጉዳቱ ለዓመታት ይከተለዋል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ማሽላው ሲያሽት ደግሞ የጥበቃ ጊዜ ይመጣል። በማሳው መካከል በአራት እንጨት ላይ ማማ ይሠራል። ቀን ልጆች ወንጭፍ ይዘው ይወጡበታል፤ የወፍ መንጋ ግር ብሎ ሲመጣ ወንጭፉ ይጮኻል፣ ልጁም ይጮኻል፣ መንጋው ተነስቶ የጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል፤ እዚያም ሌላ ልጅ አለ። ዝንጀሮም በቀን ነው የሚመጣው። ሌሊት ተራው የአባቶች ነው፤ ጃርትና ከርከሮ ጨለማ ይጠብቃሉና። በእሸት ወራት የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ቀሪ ለምን እንደሚበዛ ለማወቅ ማማውን ማየት ይበቃል። እኔ እነዚያን ልጆች ሰነፍ የሚላቸውን መምህር አልወድም።

ከማሽላ የሚጣል ነገር የለም። ፍሬው እንጀራና ገንፎ ይሆናል፣ ጠላም ይጠመቅበታል። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለአጥር፣ ለማገዶ ይውላል። ግንዱ የሚጣፍጠውን ጥንቅሽ ልጆች በጥርሳቸው እየላጡ ይመጡታል።

ሰሊጥ የገንዘብ ሰብል ነው፤ ቀልድ ግን አያውቅም። ቆባው ሲደርቅ አፉን ይከፍትና ፍሬውን ይበትነዋል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ ክምር ሂላ ይባላል። ሂላው ሲደርቅ ሸራ ላይ እየተገለበጠ ይራገፋል። ጥቂት ቀን የዘገየ አጫጅ ሰሊጡን መሬት ላይ ነው የሚለቅመው፤ ስለዚህ በአጨዳ ሰሞን ከደጋ የሚወርደው ጉልበት ሁሉ ይፈለጋል። ለጎረቤት ሥራ ወንፈልና ደቦ አለ፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ።

ወንዙ

የዛሪማ ወንዝ ከሰሜን ተራሮች ወገን የሚወርደውን ውኃ ሰብስቦ ወደ ተከዜ ይገባል። ተከዜ ሱዳን ሲደርስ ከአትባራ ይቀላቀላል፤ አትባራም ዓባይን ይገናኛል። ሊማሊሞ ላይ የዘነበው ዝናብ ሜዲትራኒያን የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። በክረምት ደፍርሶና ገንፍሎ ይወርዳል፤ በበጋ ጠጠሩ ወጥቶ ጥቂት ውኃ ይቀረዋል፤ ያኔ ልብስ የሚታጠበው፣ ከብት የሚጠጣው፣ ልጅ የሚዋኘው እዚያች የቀረችው ላይ ነው።

ከታች፣ ወልቃይት ውስጥ፣ በዚሁ ወንዝ ላይ የማይ ዳይ ግድብ ተጀምሯል፤ ዓላማው ለሸንኮራ አገዳ ልማት ውኃ መስጠት ነው። በዚያ በኩል ዋልድባ ገዳም አለ። መነኮሳቱ እህል አይበሉም፤ ቋርፍ የሚባለውን ምግብ እየተመገቡ በጸሎት ይኖራሉ። ፕሮጀክቱ የገዳሙን ይዞታ ይነካል በሚል በ2004 ዓ.ም. ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር። አንድ ወንዝ ለገበሬ ጥም ማርኪያ፣ ለፋብሪካ ጥሬ ዕቃ፣ ለመነኩሴ የገዳም ወሰን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ውሳኔ ሲሰጥ ሦስቱም መሰማት ነበረባቸው፤ አቋሜ ይኸው ነው።

ንዳድ

ቆላ ለም ሆኖ ሳለ የደጋ ሰው ለዘመናት ለምን ተራራ ላይ ተጨናንቆ ኖረ? ዋናው መልስ ንዳድ፣ ማለትም ወባ ነው። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ሙቀትና የቆመ ውኃ ትፈልጋለች፤ የምትነክሰውም በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ቀን ወርዶ አርሶ ማታ ወደ ከፍታ ተመልሶ ማደር የቆየ ልማድ ነበር፤ ሳይንሱ ሳይነገረው ሕዝቡ የደረሰበት መከላከያ። በሽታው የሚበረታው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አጨዳውም በዚያው ጊዜ ነው። ገበሬ ማሳው ላይ በሚፈለግበት ሰሞን ታሞ ይተኛል ማለት ነው።

ከፍታም ሁልጊዜ አላዳነም፤ በ1958 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ዛሬ አጎበር፣ በግድግዳ ላይ የሚረጭ መድኃኒትና ፈጣን ምርመራ አለ። አጎበር ግን ለእህል መሸፈኛ ሲውል ወይም ማማ ላይ ለሚያድረው ሰው ሳይደርስ ሲቀር ጥቅሙ ይጎድላል።

ገበያ

የደጋው ሰው ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ይወርዳል። የቆላው ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ማርና ፍየል ይዞ ይጠብቀዋል። አንዱ ያጣው ሌላው ጋ አለ። በገበያው አማርኛም ትግርኛም ይሰማል፤ ወዲያና ወዲህ የተጋባ፣ ክርስትና የተነሳሳ፣ የተበዳደረ ሰው ብዙ ነው።

የ2013 ክረምት

በ2013 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ የተጀመረው ጦርነት አዲአርቃይን አልፎ ዛሪማን አዳርሶ ወደ ደባርቅና ዳባት ዘለቀ። ብዙ ሰው ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ደባርቅ ተፈናቀለ። ወቅቱን ልብ በሉ። ሐምሌና ነሐሴ የሽልሻሎና የአረም ጊዜ ነው። ሰው ሸሽቶ ተራራ ላይ በሰነበተበት ጊዜ አቀንጭራው አበባ አወጣ፣ ዘሩንም በተነ። በሬ የታረደበት ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያርስበት የለውም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ፤ ማሳ ግን በፊርማ አይጸዳም። የቆላ ገበሬን እንረዳለን ብለው የሚነሱ ሁሉ ከዱቄት ጋር በሬና ዘር እንዲያስቡ የምወተውተው በዚህ ምክንያት ነው።

የራሳችሁን መንደር ለማጥናት

እንግሊዝ አገር ብዙ ትንንሽ መንደሮች በ1086 (እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ዊሊያም ባስጻፈው የግብር መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ፤ የማረሻቸው ብዛትና ወፍጮአቸው ሳይቀር ተጽፏል። የእኛ የቆላ መንደሮች እንዲህ ያለ መዝገብ የላቸውም። መዝገቡ መሬቱና ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ሽማግሌ ደግሞ ያልፋል።

ስለዚህ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ከአካባቢያችሁ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ፈልጉና ከፊታቸው ቁጭ በሉ። ከመኪናው መንገድ በፊት ሰው በየት በኩል ያልፍ እንደነበር፣ የት ያድር እንደነበር ጠይቋቸው። በቀጣዩ የገበያ ቀን አምስት ሻጮች ጋ ሄዳችሁ ዕቃው ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ጠይቁ፤ ቦታውን በካርታ ላይ አስፍሩና ከፍታውን ከጎኑ ጻፉ። ሰኞ ይዛችሁ ኑ።